የኑክሊየር መሣሪያ ጥበቃና የይፋ ቁልፍ ምሥጢራዊ ጽሕፈት አመጣጥ፤ ለመምህራን የቀረበ ታሪካዊ ዳሰሳ

መግቢያ

የአገር አቀፍ ፈተና በሚሰጥበት ዕለት ጧት በየፈተና ጣቢያው የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ። ፈታኙ የታሸገውን ፖስታ ከፍ አድርጎ ለተፈታኞቹ ያሳያል፤ ተፈታኞቹም እሽጉ አለመነካቱን በዓይናቸው አይተው ይመሰክራሉ፤ ፖስታው የሚቀደደው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት በአንድ ጣቢያ በፈታኝነት ተመድቦ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ እሽጉ ደኅና መሆኑን እናያለን፤ ግን እኮ እንዲህ ያለ ፖስታ ሱቅም ይሸጣል፤ ሌላ ሰው ከፍቶ መልሶ አሽጎት እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው ጊዜው የፈተና መሆኑን ነግሮ ከማለፍ በቀር የሚሰጠው መልስ አልነበረውም።

ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨቱ ፈተናው ተቋርጦ በክረምቱ መግቢያ እንደ ገና መሰጠቱ የሚታወስ ነው። ተማሪዋ የጠየቀችውን ነገር በሌላ አነጋገር ስናስቀምጠው፣ ሁሉም ሰው ሊያውቀውና ሊያረጋግጠው የሚችል፣ ነገር ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊሠራው የማይችል ማኅተም ይገኛልን? የሚል ይሆናል። ይህ ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሁሉ ይልቅ የከበደው ፈተና በሚያዘጋጁ ሰዎች ላይ ሳይሆን የኑክሊየር መሣሪያ በያዙ መንግሥታት ላይ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጥያቄው እንዴት እንደ ተነሣ፣ መልሱ ከየት እንደ ተገኘ፣ አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንዳላት ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመታቱ የተሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. በ1954 ዓ.ም. የተሰጡ ሁለት መልሶች

በነሐሴ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ከጠፉ በኋላ ዓለምን ያስጨነቀው ፍርሃት ሁለት መልክ ነበረው። የመጀመሪያው፣ ባለሥልጣኑ ራሱ መሣሪያውን እንዲተኮስ ቢያዝስ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባለሥልጣኑ ሳያዝ ሌላ ሰው ቢተኩሰውስ? የሚል ነው። ለእነዚህ ሁለት ፍርሃቶች ሁለት የተለያዩ መልሶች የቀረቡት በአንድ ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም. መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የመጀመሪያው መልስ የቀረበው በኢትዮጵያ አነሣሽነት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. (24 ኖቬምበር 1961) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ በ55 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ውሳኔው በኑክሊየርና በቴርሞ ኑክሊየር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር፣ ዓለም አቀፍ ሕግንና የሰብአዊነትን ሕግጋት የሚጻረር መሆኑን ያወጀ ሲሆን፣ ረቂቁን ለጉባኤው በማቅረብ ግንባር ቀደም የሆነችው ኢትዮጵያ ነበረች። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን ከልክሎ ሳለ፣ ፈራሚዋ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ማዝነቧ የታወቀ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት አቤቱታም ይህንኑ የሚመለከት ነበር። የተከለከለ መሣሪያ ከሰማይ ሲወርድበት ያየ ሕዝብ ክልከላን በሚመለከት ለዓለም የሚናገረው ነገር ቢኖረው አያስደንቅም።

ሁለተኛው መልስ የተሰጠው በዋሺንግተን ነው። ግንቦት 29 ቀን 1954 ዓ.ም. (6 ጁን 1962)፣ ማለትም ከጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ቁጥር 160 የተባለውን የብሔራዊ ደኅንነት ማስታወሻ ፈረሙ። ማስታወሻው በሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በሚገኙ የአሜሪካ ኑክሊየር መሣሪያዎች ላይ ልዩ መቆለፊያ እንዲደረግ የሚያዝ ነበር። ኢትዮጵያ ክልከላን ስትጠይቅ አሜሪካ ቁልፍን መረጠች ማለት ነው።

2. መቆለፊያው ለምን አስፈለገ?

ለማስታወሻው መነሻ የሆኑት ሁኔታዎች እጅግ አሳሳቢ ነበሩ። በዲሴምበር 1960 የአሜሪካ ምክር ቤት የአቶሚክ ኃይል የጋራ ኮሚቴ አባላት በአውሮፓ የሚገኙ የጦር ሰፈሮችን ጎበኙ። አብረዋቸው የተጓዙት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሳይንቲስት ሃሮልድ አግኒው፣ የሌላ አገር ምልክት የተቀባባቸው የጦር አውሮፕላኖች የአሜሪካን ኑክሊየር ቦምብ ታጥቀው ለመነሣት ተዘጋጅተው ሲጠብቁ አዩ። ቦምቡን ከባለ አውሮፕላኑ የሚለየው ጠመንጃ የያዘ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ወታደር ብቻ ነበር። ያ ወታደር ቢገደል፣ ቢታለል ወይም ቢያንቀላፋ በቦምቡና በሌላ መንግሥት ፈቃድ መካከል የሚቆም ነገር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ24 ጃንዋሪ 1961፣ ሁለት የሃይድሮጅን ቦምቦች የጫነ ቢ-52 የተባለ አውሮፕላን በሰሜን ካሮላይና ግዛት በጎልድስቦሮ አቅራቢያ በአየር ላይ ተሰባበረ። በኋላ ይፋ የሆነ የቴክኒክ ሪፖርት እንዳስረዳው ከሁለቱ ቦምቦች አንደኛው ከመፈንዳት የዳነው በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ምክንያት ነበር። ይህ አደጋ እንጂ ስርቆት አልነበረም፤ ሆኖም የመሣሪያው ደኅንነት በምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደ ተንጠለጠለ አሳይቷል።

የኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ጀሮም ዊዝነር ጉዳዩን አጥንተው የቴክኒክ መቆለፊያ እንዲደረግ መከሩ። መቆለፊያው በመጀመሪያ በቁጥር የሚከፈት መካኒካዊ ቁልፍ ሲሆን፣ እየቆየ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ተተካ። ትክክለኛው ቁጥር ካልገባ መሣሪያው አይታጠቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር ደጋግሞ የሞከረ ሰውም መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ እንዲያደርገው እንጂ እንዲያፈነዳው አይፈቀድለትም። ከዚህም ጋር የሁለት ሰው ደንብ የተባለው ተጣመረ፤ ማንም ሰው ብቻውን ወደ መሣሪያው አይቀርብም።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በብዙ ገዳማትና አድባራት የዕቃ ቤት በር በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ አይከፈትም፤ ቁልፎቹ በተለያዩ አገልጋዮች እጅ ይያዛሉ፤ በሩ የሚከፈተውም ሁሉም በተገኙበት ነው። የመንግሥት ካዝናም በገንዘብ ያዡና በሌላ ኃላፊ ቁልፍ እንደሚዘጋ መምህራን ከየትምህርት ቤታቸው ያውቁታል። የዚህ አሠራር መሠረቱ ሰውን አለማመን አይደለም፤ የአንድ ሰው ድካም የሁሉ ጥፋት እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

ሆኖም መቆለፊያ የሚጠብቀው ጠባቂው እስከ ጠበቀው ድረስ ነው። የሚሳይል ጣቢያ መኮንን የነበሩት ብሩስ ብሌር፣ የሚኒትማን ሚሳይሎች የምሥጢር ቁጥር ለዓመታት ዜሮ ብቻ ሆኖ ተደርጎ እንደ ነበር ጽፈዋል። የአሜሪካ አየር ኃይል ይህን አስተባብሏል። የነገሩ እውነት የትም ቢሆን፣ ክርክሩ ራሱ ቁልፍ ማዘጋጀትና ቁልፍን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያስተምራል።

3. የአንድ ቁልፍ ችግር

የበሩ መቆለፊያ ከተገኘ በኋላ ከበድ ያለ ሌላ ችግር ቀረ። ትእዛዝ በሬዲዮ ሲመጣ ትእዛዙ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

እስከዚያን ጊዜ ድረስ ለብዙ ሺህ ዓመታት በምሥጢራዊ ጽሕፈት የተሠራበት ዘዴ አንድ ቁልፍ ነበር። ጽሑፉን የሚሰውረውና የሚገልጠው ቁልፍ አንድ ነው፤ ላኪና ተቀባይ ያንኑ ይዘዋል። በዚህ ዘዴ አዛዡና ታዛዡ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይይዛሉ እንበል። ታዛዡ የመጣለትን ትእዛዝ እውነተኛነት በቁልፉ ያረጋግጣል። ነገር ግን ትእዛዙን ለማረጋገጥ የሚያስችለው ያው ቁልፍ ትእዛዙን ለመፍጠርም ያስችለዋል። ስለዚህ ቁልፉን የያዘ እያንዳንዱ የበታች መኮንን የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ አስመስሎ ሊያወጣ ይችላል። ቁልፉን ካልያዘ ደግሞ እውነተኛውን ትእዛዝ ከሐሰተኛው መለየት አይችልም።

የጥንቱ ማኅተም ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። የአንበሳው ምልክት ያለበት ደብዳቤ የደረሰው የአውራጃ ገዥ ማኅተሙን አይቶ ያውቀዋል፤ ሊመታው ግን አይችልም። ማወቅና መሥራት ተለያይተዋል። ማኅተም ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሬዲዮ ማዕበል ላይ አይመታም፤ የተማሪዋ ጥያቄ እንዳመለከተውም ማኅተም ቀራጭ እስኪገኝ ድረስ ብቻ የሚታመን ነው።

ሁለተኛው ችግር የቁልፍ ማደል ነበር። ሁለት ሰዎች በምሥጢር ለመጻጻፍ አንድ ቁልፍ ይበቃቸዋል። አሥር ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በምሥጢር እንዲጻጻፉ ግን 45 ቁልፎች ያስፈልጋሉ፤ ለመቶ ሰዎች 4,950 ይሆናሉ። እያንዳንዱም ቁልፍ አስቀድሞ በታማኝ መልእክተኛ እጅ መጓዝ አለበት። የፈተና ወረቀት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ቆሰበር፣ ከዚያም ዳንግላ እስኪደርስ ድረስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚያውቅ መምህር የዚህን ክብደት ለመገመት አይቸገርም።

4. ሁለት ቁልፎች

መልሱ የተገኘው አንዱ ከሌላው ሳይሰማ በሁለት ቦታ ነው። በእንግሊዝ አገር በቼልተንሃም ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመገናኛ ዋና መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጄምስ ኤሊስ በጃንዋሪ 1970 ባቀረቡት የምሥጢር ሪፖርት፣ ላኪና ተቀባይ አስቀድመው ቁልፍ ሳይለዋወጡ በምሥጢር መጻጻፍ እንደሚችሉ በሐሳብ ደረጃ አሳዩ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላገኙትም። በ1973 ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የመጡት ወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ክሊፎርድ ኮክስ ችግሩን በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ፈቱት፤ በ1974 ደግሞ ማልኮልም ዊልያምሰን ቁልፍን በይፋ መገናኛ የመስማሚያ ሌላ ዘዴ አገኙ። ይህ ሁሉ እስከ ዲሴምበር 1997 ድረስ በምሥጢር ተይዞ ቆየ። ኤሊስ ይፋ ከመሆኑ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው በማረፋቸው ዓለም ሥራቸውን ሲያውቅ አላዩም።

በአሜሪካ ሥራው የተካሄደው በአደባባይ ነበር። ራልፍ መርክል በ1974 በበርክሌይ ተማሪ ሳሉ ሐሳቡን ጀመሩ፤ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በኖቬምበር 1976 ከስታንፎርድ ባሳተሙት ጽሑፍ የይፋ ቁልፍንና የዲጂታል ፊርማን ሐሳብ ለዓለም አቀረቡ። በ1977 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን ኮክስ ካገኙት ጋር በመሠረቱ አንድ የሆነውን ዘዴ ደረሱበት። ባለ 129 አኃዝ ቁጥር አቅርበው አካፋዮቹን ፈልጎ ለሚያገኝ ሽልማት እንደሚሰጡ ያስታወቁ ሲሆን፣ ቁጥሩ የተፈታው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በ1994 ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነጥብ አለ። አንዳንድ የዘርፉ ባለሙያዎች የይፋ ቁልፍ ሐሳብ መጀመሪያ የተገኘው በአሜሪካ የምሥጢር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከኬኔዲ ማስታወሻ ጋር በተያያዘ መሆኑን ጠቁመዋል። የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት አድሚራል ቦቢ ኢንማንም ድርጅታቸው ሐሳቡን ቀደም ብሎ ያውቀው እንደ ነበር ተናግረዋል። ይህን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ ግን ይፋ አልሆነም። ኤሊስ ደግሞ ሐሳባቸውን የቀሰቀሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ስልክ ምሥጢርነት የተጻፈ የቤል ኩባንያ ጥናት መሆኑን ጽፈው ትተዋል። ስለዚህ የኑክሊየር መሣሪያ ጥበቃ ጥያቄውን አክብዶታል ማለት ይቻላል፤ መልሱን ወልዷል ለማለት ግን ማስረጃው አይበቃም። የሚነገር ነገርና የተረጋገጠ ነገር ልዩነት እንዳላቸው ለተማሪ ለማሳየት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

5. ዘዴው በክፍል ውስጥ

የዘዴው ዋና ምሥጢር በብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ በሌላቸው ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው። ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን ማግኘት ግን እጅግ አዳጋች ነው። በትናንሽ ቁጥሮች ሲሠራ ማንኛውም ተማሪ ሊከተለው ይችላል።

3ንና 11ን አባዝተን 33 እናገኛለን። ከእያንዳንዳቸው 1 ቀንሰን ስናባዛ 2 ሲባዛ በ10፣ 20 ይሆናል። ቀጥሎም ብዜታቸው ለ20 ሲካፈል 1 የሚተርፍ ሁለት ቁጥሮች እንመርጣለን፤ 3ና 7 ለዚህ ይሆናሉ፤ ብዜታቸው 21 ነውና። አሁን 33ንና 3ን ለሁሉ እንገልጣለን፤ ይህ የይፋ ቁልፍ ነው። 7ን ግን ለራሳችን እንይዛለን፤ ይህ የግል ቁልፍ ነው።

ዋና መምህሩ «4» የሚል ትእዛዝ ፈርመው መላክ ፈለጉ እንበል። 4ን ሰባት ጊዜ በራሱ ሲያባዙ 16,384 ይሆናል፤ ይህን ለ33 ሲያካፍሉ 16 ይተርፋል። 16 ፊርማቸው ነው። ትእዛዙን ከፊርማው ጋር የተቀበለ መምህር 16ን ሦስት ጊዜ ቢያባዛ 4,096 ያገኛል፤ ለ33 ሲያካፍል 4 ይተርፋል። ከትእዛዙ ጋር ስለ ተስማማ ፊርማው እውነተኛ ነው። መምህሩ ፊርማውን አረጋገጠ፤ 7ን ግን አላየም፤ ስለዚህ ሌላ ትእዛዝ ፈርሞ ማውጣት አይችልም። እርግጥ ነው 33 ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ማንም ወዲያው 3ና 11ን ያገኛል፤ በሥራ ላይ የሚውሉት ቁጥሮች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ አኃዞች ያሏቸው ናቸው። ጸሐፌ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ያደረገውን ሒሳብ በሬዲዮ ማዕበል ላይ አደረገው ማለት ነው።

6. ከፉሪ ተራራ የሚላክ መልእክት

ክልከላና ቁልፍ የተባሉት የ1954 ዓ.ም. ሁለት መልሶች ለረጅም ጊዜ በየመንገዳቸው ሄዱ። የተገናኙት በመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ላይ ነው።

የ1963ቱ ውል የኑክሊየር ሙከራን በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ ሲከለክል ከመሬት በታች የሚደረገውን የተወበት አንዱ ምክንያት የመቆጣጠሪያ ችግር ነበር። ከመሬት በታች የሚፈነዳ ቦምብ መሬትን ስለሚያናውጥ በመሣሪያ ሊታወቅ ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚተከለው በተጠርጣሪው አገር መሬት ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ወገን፣ ባለ አገሩ መረጃውን ለውጦ ቢልክብኝስ? ይላል። ባለ አገሩም፣ ይህ መሣሪያ ከመሬት ነውጥ ሌላ የአገሬን ምሥጢር ቢልክብኝስ? ይላል። መረጃው በአንድ ቁልፍ ቢሰወር ባለ አገሩ ሊያነበው አይችልም፤ ቁልፉ ቢሰጠው ደግሞ አስመስሎ ሊልክ ይችላል። በሳንዲያ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ጉስታቩስ ሲመንስ የሁለት ቁልፍ ዘዴ ይህን ቋጠሮ እንደሚፈታ አሳዩ። መሣሪያው መረጃውን በግል ቁልፉ ይፈርማል፤ ባለ አገሩም ሆነ ሌላው ዓለም በይፋው ቁልፍ ያነባል፤ ማንም ግን አይለውጠውም። እርስ በርስ የማይተማመኑ ሁለት ወገኖች አንድን ጽሑፍ በጋራ ሊያምኑት ቻሉ።

በ1996 ለፊርማ የቀረበው አጠቃላይ የኑክሊየር ሙከራ ክልከላ ውል 321 የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎችንና 16 ቤተ ሙከራዎችን የያዘ መረብ አቋቁሟል። የጣቢያዎቹ መረጃ የሚረጋገጠው በዲጂታል ፊርማ ነው። ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ በአዲስ አበባ አጠገብ በፉሪ ተራራ ላይ ይገኛል፤ በውሉም ውስጥ ከረዳት የመሬት ነውጥ ጣቢያዎች መካከል በስሙ ተመዝግቧል። ለዚህ መሠረት የሆነው በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመውና በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በአባ ፒየር ጉዌን ይመራ የነበረው የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ ውሉን በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃዋለች። ውሉ ግን በሙሉ ሊጸና አልቻለም፤ እንዲያጸድቁት ግዴታ ከሆነባቸው አገሮች አንዳንዶቹ አላጸደቁትምና።

እንግዲህ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በቃል የጠየቀችው ክልከላ እስካሁን ምሉዕ ባይሆንም፣ ክልከላው መጠበቁን ከሚያዳምጡት ጆሮዎች አንዱ በራሷ ምድር ላይ ነው፤ የዚያ ጆሮ ምስክርነት የሚታመነውም ቁልፍን የመረጠው ወገን በደከመበት ሒሳብ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የዘዴን ወሰን ይመለከታል። መቆለፊያ ያልተፈቀደለትን ሰው ይከለክላል፤ የተፈቀደለትን ግን አይከለክልም። ጎበዝ ቁልፍ ሠሪ ቦምቡ ያለ ትእዛዝ እንዳይፈነዳ ሊያደርግ ይችላል፤ ትእዛዙ ራሱ እንዳይሰጥ ማድረግ ግን የሕግና የኅሊና ሥራ ነው። የ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ የተጣለው በሥልጣን ትእዛዝ እንጂ በሌባ እጅ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ መልሶች አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሁለተኛው የሥርዓተ ትምህርትን ጉዳይ ይመለከታል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ በሁለት ቁልፍ ዘዴ የተሠራ ፊርማ በአገራችን ሕግ እውቅና ያለው ነገር ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒውተር ተፈትነዋል። በትምህርት ቤቶቻችን ግን ብቸኛ ቁጥር የሚሰጠው ትልቁን የጋራ አካፋይና ትንሹን የጋራ ብዜት ለማግኛ ብቻ ነው፤ ተማሪው ቁጥሩ ለምን እንደሚያገለግል ሳይሰማ ከክፍል ክፍል ያልፋል። የሒሳብ መምህሩ ከላይ የቀረበውን የ33 ምሳሌ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራው ይችላል፤ የታሪክ መምህሩም ውሳኔ ቁጥር 1653ን ከ1928ቱ አቤቱታ ጋር አያይዞ ሊያስተምረው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሁለቱን አያይዘው ለዕጩ መምህራን ቢያቀርቡ፣ የዕቅድ አውጪዎችም በመርሐ ትምህርቱ ክለሳ ጊዜ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በፈተናው ጧት እጇን ላነሣችው ተማሪ ያን ዕለት የተሰጣት መልስ ዝምታ ነበር። መልሱ ግን ነበረ፤ የሚሠራውም በ6ኛ ክፍል በተማረቻቸው ቁጥሮች ነበር። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ መልሱን የሚያውቅ መምህር እንዲያገኝ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።